የማይሞላው ስንጥቅ

ይድረስ ለምወድሽ እታለሜ፣

እንዴት ከርመሻል? ደረጃ ስትወጪ የሚያስቸግርሽ እግርሽ ተሻለው ወይስ አሁንም ቅባት እየቀባሽ ዝም ትዪዋለሽ? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ትንሿ የፊት ጥርሶቿ በቀሉላት? ባለቤትሽ አሁንም ከሥራ ሲገባ ከነጫማው ሶፋው ላይ ይዘረጋል? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ ብዬ ልጀምርልሽ ነበር፤ ግን ላንቺ መዋሸት ስለማልችልበት ተውኩት። ደህና አይደለሁም። ምግብ እምቢ ካለኝ ሰንብቷል። እጄን በሳሙና ታጥቤ፣ ደግሜ ታጥቤ፣ ቁራሽ ዳቦ ወደ አፌ ሳስጠጋ ያ ሽታ ቀድሞኝ ይደርሳል። የምን ሽታ እንደሆነ እነግርሻለሁ፤ ምሳሽን ካልበላሽ ግን መጀመሪያ ብዪ።

እማዬ በሕይወት አለች፣ አልታመመችም። ይህን የማስቀድመው ደብዳቤውን በሰው እጅ ስታዪ እንዳትደነግጪ ብዬ ነው። ስልክ ያልደወልኩት ደግሞ ራሴን ስለማውቅ ነው፤ በስልክ ከሆነ እጮሃለሁ፣ ስጮህ ደግሞ የምናገረውን አላውቅም። እዚህ ያለው ግድግዳ ስስ ስለሆነ እኔ ስጮህ እማዬ ሁሉንም ትሰማለች። የመሥሪያ ቤታችን ሹፌር መሣሪያ ሊያመጣ ወደ እናንተ ከተማ ስለሚወርድ በእሱ ላክሁልሽ። አንብበሽ እስክትጨርሺ በር ላይ ይጠብቃል። ለምን እንደሚጠብቅ ወደ ታች ስትደርሺ ይገባሻል።

እኔ አሁን ያለሁት ከእማዬ ጋር ነው። ለጥየቃ እንዳይመስልሽ፤ አንቺ «ድንጋይ ለቀማ» የምትዪው ሥራዬ ነው ያመጣኝ። መሣሪያዎቻችን ከትውልድ ከተማችን ሥር እንደገና ትንንሽ መንቀጥቀጥ መመዝገብ ጀመሩ። ሰው የማይሰማው፣ ብርጭቆ እንኳን የማያንቀጫቅጭ ነው። አለቃዬ «ቦታውን ታውቀዋለህ፣ ሄደህ ስንጥቁን ለካው» አለኝ። አውቀዋለሁ ብዬ መጣሁ። ምንም አላውቅም ነበር።

መሬት ለምን እንደሚንቀጠቀጥ በነገርኩሽ ቁጥር ታዛጊያለሽ። ዛሬ ግን በሞቴ አታዛጊ፤ ያለ እሱ የቀረው ነገር አይገባሽም። የምንረግጣት መሬት አንድ ወጥ አይደለችም። ቅርፊቷ በትላልቅ ሰሌዳዎች የተከፋፈለ ነው፤ ሰሌዳዎቹም ከሥራቸው ባለው፣ ግሎ በለሰለሰ አለት ላይ ቀስ እያሉ ይጓዛሉ። አንዳንድ ቦታ ይጋጫሉ፤ እዚያ መሬቱ ታጥፎ ተራራ ይሆናል፣ ወይም አንዱ ከሌላው ሥር ይሰርጋል። ሌላ ቦታ ጎን ለጎን ይፋተጋሉ። የእኛ ከተማ ደግሞ የተቆረቆረችው ሁለቱ በሚለያዩበት መስመር ላይ ነው። የሚለያዩት ጥፍር በሚያድግበት ፍጥነት ስለሆነ ማንም ልብ አይልም። አለት ግን ዝም ብሎ ሲለጠጥ አይኖርም፤ ይችላል፣ ይችላል፣ አንድ ቀን ይበጠሳል። ያ ሲበጠስ የሚሰማን ንዝረት ነው የመሬት መንቀጥቀጥ የምንለው። ቅርፊቱ በሳሳበት በኩል ደግሞ ከታች ያለው ትኩስ አለት ጫና ሲቀልለት ይቀልጥና መውጫ ይፈልጋል። ካገኘ እሳተ ገሞራ ነው። ካላገኘ እንደ ሽብልቅ ከሥር ገብቶ ይቀራል፤ ያኔ ከላይ ያለው መሬት ይተረተራል። ካቻምና በጓሯችን የሆነው ይኼ ሁለተኛው ነው።

እግሬን ስታጥቢኝ ተረከዜን የምትፈትጊበት ያ ቀላል፣ ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ ድንጋይ ትዝ ይልሻል? እያለቀስኩ እንኳን አትለቂኝም ነበር። እሱም ከእሳቱ የወጣ ነው። ቀዳዳዎቹ ድንጋዩ አረፋ ሆኖ ሲረጋ ጋዝ የተኛባቸው ቦታዎች ናቸው። የትምህርት ቤታችን ነጭ ግድግዳ የተሠራው ተጠቅጥቆ ድንጋይ ከሆነ አመድ ነው። ያ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ያለው፣ ስንሸራተትበት ሱሪዬን የቀደድኩበት ጥቁር ድንጋይም ፈስሶ የቀዘቀዘ ነው። ያደግነው እሳት በሠራው ነገር ላይ ነው፤ እሳቱ ደግሞ ሥራውን አልጨረሰም።

አሁን ወደ ሽታው ልምጣ። ስንጥቁ የተከፈተ ጊዜ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ተነስቶ በእኛ ጓሮ በኩል አልፎ እስከ ትምህርት ቤቱ አጥር ድረስ ሄዶ ነበር። ሰው ገብቶ የሚቆምበት ስፋት ነበረው፤ ጥልቀቱን ማንም አያውቅም። እኛ መጥተን ዳር ዳሩን ነጭ ቀለም ቀብተን፣ ማንም እንዳይጠጋ ብለን፣ ገመድ ስበን ሄድን። እኔ ያን ጊዜ ሌላ ቦታ ስለነበርኩ የመጡት ባልደረቦቼ ናቸው። ሰፈሩ ምን እንዳደረገ ታውቂያለሽ? ተሰበሰበ። መሬት አፏን ስትከፍትባቸው ሌሎች ሰዎች ቤታቸውን ያሸሹ ይሆናል፤ የእኛ ሰዎች ግን «ቆሻሻ የሚነሳልን መኪና ስለሌለ ይኼ ለኛ የተሰጠ ነው» ብለው ተራ አወጡ። በጠዋት የላይኛው ሰፈር፣ ከሰዓት የታችኛው ሰፈር። ገመዳችንን ፈተው የልብስ ማስጫ አደረጉት። የገመዱን ነገር የነገረችኝ እማዬ ራሷ ናት፤ እየሳቀች፣ ሰፈሩ ተባብሮ አንድ ነገር መሥራቱን እያደነቀች።

ወፍጮ ቤቱ ጋ ገና ያልተሞላ ጫፍ ስላለ ገመድ ታጥቄ ወረድኩ፤ ሹፌሩ ከላይ ያዘኝ። ለእኔ ዓይነቱ ሰው የስንጥቅ ግድግዳ ማየት በዓል ነው። ከሥር ቀይ አፈር አለ፤ ከላዩ የፈሰሰው የቀለጠ አለት እንደ ሸክላ የጠበሰው ነው። ከዚያ ጥቁሩ ድንጋይ፣ ከዚያ አመዱ፣ ከዚያ ቡናማው የእርሻ አፈር። እያንዳንዱ ለመደራረብ ስንት ዘመን እንደፈጀበት እያሰብኩ ፊቴን ወደ ስንጥቁ ሆድ አዞርኩ። እዚያ የሚቀጥለው ንጣፍ አለ፤ የእኛ ንጣፍ። የሕፃን ሽንት ጨርቅ፣ የዶሮ ላባ ከነአንጀቱ፣ ጊዜው ያለፈበት የመድኃኒት ጠርሙስ፣ አንድ እግር ነጠላ ጫማ፣ ሆዱ የተነፋ ውሻ፣ ደግሞ ላስቲክ፣ ላስቲክ፣ ላስቲክ። ከላይ ዝናብ ያወረደው ጥቁር ፈሳሽ በላስቲኮቹ መሀል እየተንጠባጠበ እጅጌዬ ውስጥ ገባ። «ሳበኝ!» ብዬ ጮህኩ። ላይ ወጥቼ ሹፌሩ ፊት አስመለስኩ፤ እሱም አዝኖልኝ ሳይሆን አይቀርም ራሱን ይዞ ወዲያ ዞረ።

እንግዲህ ያ ቆሻሻ በእኛ ጓሮ በኩል ሞልቶ ካበቃ በኋላ ከላዩ ቀይ አፈር ተደፋበት፣ ከመንገድ ሥራ ሮለር ተለምኖ መጣና ተዳመጠ። ሜዳ ሆነ። ጓሯችን የት እንደሚያበቃ የማይለይበት ለጥ ያለ ሜዳ። እዚያ ሜዳ ላይ በብሎኬት የተሠራ፣ በተርታ የቆመ፣ ስድስት ክፍል የሚከራይ ሰርቪስ አለ። ቀለሙ ቢጫ፣ በሮቹ ሰማያዊ ናቸው። የወለሉ ሊሾ እንደ መስታወት ያበራል። እማዬ የምትኖረው ጥግ ላይ ባለው ክፍል ነው፤ የድሮው ቤታችን በመንቀጥቀጡ ስለተጎዳ ፈርሷል። የስንጥቁን መስመር በመሣሪያ ስከተል መስመሩ በሷ በር ገብቶ፣ በአልጋዋ ሥር አልፎ፣ በመስኮቷ ወጣ። ሦስት ጊዜ ለካሁት። መሣሪያው የተበላሸ መስሎኝ አልነበረም፤ እንዲበላሽ ፈልጌ ነው።

ታላቅ ወንድማችን ጋሼ በኩራት ያስጎበኘኝን ብታዪ። ሜትሩን ኪሱ ከትቶ፣ እስክሪብቶ ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ በየክፍሉ እየከፈተ አሳየኝ። ከሁሉ በላይ የሚኮራው በሽንት ቤቱ ነው። ይኸውልህ፣ ከተሠራ ጀምሮ ሞልቶ አያውቅም፣ መጣጭ መኪና ጠርተን አናውቅም፣ እንዲህ ያለ ሽንት ቤት በከተማው የለም አለኝ። የት ይሄዳል ብለህ ታስባለህ አልኩት። መሬት ነዋ የሚውጠው አለኝ። መሬት! መሬት የሚውጠው በስንጥቁ ወርዶ እታች ሰፈር ምንጩ ጋ ብቅ ሊል ነው። ከዚያ ምንጭ ሰው በጀሪካን ይቀዳል። ይህን ስነግረው ትከሻውን ሰብቆ የሦስተኛው ክፍል በር ለምን መሬት ለመሬት እንደሚጎተት፣ አናጢ መጥቶ እንደሚልገው አስረዳኝ። እታለሜ፣ ያ በር የሚጎተተው ወለሉ ስለሰመጠ ነው። አናጢ እየላገ ስንት ዓመት ይዘልቃል?

ለእማዬ በቀስታ ላስረዳት ሞከርኩ። ሰሌዳዎቹን፣ የቀለጠውን አለት፣ ሁሉንም ነገርኳት። በጥሞና ሰማችኝና «ታዲያ ስንጥቁ ሞልቷል እኮ» አለች። እማዬ፣ ጎኖቹ እኮ አሁንም እየተለያዩ ነው፤ ሁለት ሰዎች እየተራራቁ ሳለ መሀላቸው ጨርቅ ብትጎሰጉሺ አይገናኙም አልኳት። ጭንቅላቴን ዳበሰችኝና «ከስተሃል» አለች። አዲስ ቤት ደርሷት፣ ቀለም ያለው ግድግዳ አግኝታ፣ ልጇ መጥቶ ስለ ውሻ ሬሳ ሲያወራባት ምን ትበል?

ባለፈው ሳምንት ቀትር ላይ ከባድ ዝናብ ጣለ። እኔ በረንዳው ላይ መሣሪያዬን እየጠራረግሁ ነበር። ሁለተኛው ክፍል የምትኖረው ልብስ ሰፊ ልጆቿን ለማስገባት ወጣ ስትል እማዬ ልብስ ማጠቢያው ጋ ቆማ ገበቴዋን ታነሳለች። አንሥታ ዞር አለች። ከኋላዋ ማጠቢያው ከነሲሚንቶው፣ ከጎኑ የነበረው የውሃ በርሜልም፣ ድምፅ ሳያሰሙ ቁልቁል ሄዱ። ድምፅ የመጣው ቆይቶ ነው። ከዚያ ያ ትንፋሽ ወጣ፤ ስንት ወር ታፍኖ የበሰበሰ ሁሉ ትንፋሽ። ልብስ ሰፊዋ ልጆቿን በቀሚሷ ሸፍና ግድግዳው ላይ ተለጠፈች። እማዬ ግን ጉድጓዱን አይታ፣ እኔን አይታ፣ «በርሜሏ አዲስ ነበረች» ብላ ሳቀች። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። እማዬ ገበቴዋን ለማንሳት ትንሽ ብትዘገይ ኖሮ ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ በርሜል አይሆንም ነበር።

በነጋታው ጠዋት የጋሪ ድምፅ ሰምቼ ወጣሁ። ጋሼ ሁለት የቀን ሠራተኛ ቀጥሮ ጉድጓዱን እያስሞላ ነው። በምን? በቆሻሻ። ከገበያው ጀርባ በእጅ ጋሪ የተጋዘ፣ የበሰበሰ ቲማቲምና የሥጋ ቤት ቅንጥብጣቢ፣ ዝንቡ ጋሪውን ተከትሎ የሚመጣ። ያን ጊዜ ያልኩትን ሁሉ እጽፍልሻለሁ፤ አንዲት ቃል አላስቀርም፣ አላለዝብም። እናንተ ሰው ትባላላችሁ ወይ አልኩ። ይህን ቤት ያሠራ ሰው በሰው ሰገራ ላይ ቢጫ ቀለም የቀባ፣ በውሻ ሬሳ ላይ ሊሾ ያፈሰሰ ነው አልኩ። የገዛ እናቱን በቆሻሻ ጉድጓድ አፍ ላይ አስተኝቶ ኪራይ የሚለቅም፣ እኔ እጁን አልጨብጥም፣ ከማዕዱ አልቀርብም፣ ስሙ ሲነሳ እንኳን አፌን እጉመጠመጣለሁ አልኩ። ተከራዮቹ በየበራቸው ቆመው ይሰሙ ነበር። የቀን ሠራተኞቹ ጋሪያቸውን እንደያዙ ቀሩ።

ጋሼ ይመታኛል ብዬ ነበር። አልመታኝም። እስክሪብቶውን ከጆሮው አውርዶ ኪሱ ከተተ። እሱ እዚህ ግቢ ከዘበኛ የማይሻል መሆኑን፣ አድርግ የተባለውን ከማድረግ በቀር አንድ ብሎኬት በራሱ ፈቃድ እንዳላስቀመጠ ነገረኝ። ስድብህን አድራሻውን አጣርተህ ላከው አለኝ። የአሠሪውን ስም ሊጠራ አፉን ከፍቶ ፊቴን ሲያይ ዋጠው። እኔም አልጠየቅሁትም። እታለሜ፣ አልጠየቅሁትም። ሄጄ እጄን ታጠብኩ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ አሰብኩ። ርቆ የሚኖር ሰው የሚያየው የሚላክለትን ነው፤ ቀለሙን፣ በሩን፣ የሚያበራውን ወለል። ሽታ በፎቶ አይላክም። ስለዚህ የማያውቅ ሰው አላወቀም ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ እኔም ለማለፍ እየታገልኩ ነው። ግን ሰፈሩ ስንጥቁን በምን እንደሞላው በዚያን ጊዜ ያልሰማ ዘመድ የለም፤ በስልክ እየተሳሳቅን እንደነበር አንቺም ታስታውሻለሽ። ተራ የወጣበትን ነገር መጀመሪያ የነገርሽኝ አንቺ ነሽ፤ እኔ ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ሪፖርቴን ጽፌ አስገብቻለሁ። ማዘጋጃ ቤቱ ስድስቱም ክፍሎች እንዲታሸጉ፣ በኋላም እንዲፈርሱ ወስኗል። ተከራዮቹን ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተቀብሏቸዋል፤ ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን ራሷ ተሸክማ ወጣች። ጋሼም ወጥቷል። የቀረችው እማዬ ብቻ ናት። አልጋዋ ላይ ተቀምጣ አልነሳም አለች። ብለምናት፣ ብቆጣት፣ ብንበረከክ እምቢ አለች። ፖሊስ ጠርቼ እናቴን በትከሻ ላስወጣት? ጎረቤቶች መጥተው ለመኗት፤ ለሁሉም የምትመልሰው አንድ ነው፤ እሷን ጠይቋት፣ እሷ ውጪ ካለችኝ አሁኑኑ ጫማዬን አድርጌ እወጣለሁ ትላለች። ደመናው ደግሞ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ እንደገና እየተሰበሰበ ነው። መሣሪያው ላይ ያሉት ትንንሾቹ ንዝረቶችም አላቆሙም።

ሹፌሩ የሚጠብቀው ለዚህ ነው። ስልኩ ላይ የእማዬ ቁጥር አለ። አንድ ቃል በቂዋ ነው። እኔን ምንም አታስረጂኝ፤ አልጠየቅሁሽም፣ ወደፊትም አልጠይቅሽም። ይህን ደብዳቤ ከላይ ጀምሬ ሳነበው ቀድጄ ለዘብ አድርጌ ልጽፈው ዳድቶኝ ነበር። ተውኩት። ለማን እንደምጽፍ እያወቅሁ ነው የጻፍኩት።

ፈጣሪ እግርሽን ይማርልሽ። ልጆችሽን ያሳድግልሽ፤ በክፉ ቀን እጅሽን የሚይዙ ያድርጋቸው። አሁን ስጽፍ እማዬ አጠገቤ ተቀምጣለች፤ ለማን እንደምጽፍ ስነግራት ፊቷ በራ። ምን ልበልልሽ ብላት ይህን ጻፍልኝ አለች፣ እኔም ቃሏን ሳልነካ ጻፍኩልሽ። «ክፍሎቿን በደንብ ይዤላታለሁ በላት። በየጠዋቱ እጠርጋለሁ። ሊሾው ላይ ስንጥቅ ባየሁ ቁጥር ተከራይ እንዳይሸሽባት ምንጣፍ እየጎተትኩ እሸፍንላታለሁ።»

አንቺ ያሳደግሽው ታናሽ ወንድምሽ